የመዳብ መፋቂያዬ

ማሽኔን ያገኘኋት ፒካፕ መኪና ላይ ነው፤ በሁለት ሳጥን ለስላሳና በአንድ ጆንያ ሽንኩርት ሥር። ሽንኩርቱን ላወርድ ነበር የሄድኩት። ጆንያውን ስስብ ብርድ ልብስ ብቅ አለ። የራሴ ብርድ ልብስ ነው፤ ወልቂጤ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ አንጥፌው የመጣሁት። ጫፉን ገለጥ ሳደርገው የማሽኔ ሁለት ዘንጎች ፀሐይ ላይ ብልጭ አሉ። ጆንያውን እዚያው ለቀቅሁት። ሽንኩርቱ ተበትኖ እስከ አጥሩ ተንከባለለ፤ ማንም እንዲለቅመው አልፈቀድኩም።

መኪናው የፍቅሩ ነው። ፍቅሩ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ አዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይሸጣል። ባሌ ተረፈ ካረፈ ሁለት ዓመት ሞላው። እኔ እንደ ልማዴ መስቀል አምስት ቀን ሲቀረው ወደ ቸሃ፣ ወደ ባሌ አባት ግቢ ወጥቼ ቅቤ ሳነጥር ቆጮ ሳሰናዳ፣ ፍቅሩ በመንገዱ ወልቂጤ ቆመ፤ ከጎረቤቴ ከከድጄ ቁልፍ ተቀበለ፤ ቤቴን ከፈተ፤ ማሽኔን ጭኖ መጣ።

ከድጄን በስልክ ምን ነካሽ አልኳት። የሟች ወንድም ለመስቀል አገሩ ሲገባ ቁልፍ ስጪኝ ቢል ማን ይከለክለዋል አለችኝ። ብርድ ልብሱን ያለበሰችውም እሷው ናት፣ መንገድ ላይ እንዳትጫጫር ብላ። በገዛ እጇ ሸፍና በገዛ እጇ አስረክባብኛለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። እውነቱን ለመናገር ግን ልክ ናት። በእኛ አገር ለመስቀል የመጣን ሰው ምን ፈልገህ ነው አይሉትም። ፍቅሩም ይህን አውቆ ነው ቀኑን የመረጠው።

እንግዲህ ይህቺ ማሽን እንዴት እንደተሠራች ልናገር። በኋላ ሽማግሌዎቹ ለሸንጎ ሲቀመጡ ማንም አልጠየቀኝምና እዚህ እናገራለሁ።

ተረፈ ወልቂጤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር። በኋላ ቡታጅራ የጫጩት ማስፈልፈያ ሳጥን የሚሠራ ከድሮ የሚባል ሰው፣ የሳጥኑን ሙቀት የሚቆጣጠር ቦርድ እንዲሠራለት ጠየቀው። ቦርድ ማለት መዳብ የተለበጠ ቀጭን ሰሌዳ ነው። መዳቡ ላይ መንገድ መንገድ ይወጣለታል፣ ኤሌክትሪኩ በዚያ መንገድ ብቻ ይሄዳል፣ በመንገዶቹ መካከል ያለው መዳብ መነሳት አለበት። ተረፈ በመጀመሪያ መዳቡን የሚያነሳው በአሲድ ነበር፣ እኔ ሽምብራ በምዘፈዝፍበት ሳህን። ሲጨርስ አሲዱን ጓሮ ይደፋዋል። ሦስት ዓመት ያሳደግኳት እንሰት ከሥሯ ጠቁራ ስትወድቅ፣ ሳህኑን ከነአሲዱ ይዤ ሱቁ ድረስ ሄድኩና ደንበኞቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ወይ እሷ ወይ እኔ አልኩት። የሰፈር ሰው ሁሉ ሌላ ሴት የያዘ መስሎት ጆሮውን አቆመ።

ከዚያ ስልኩ ላይ ሲያይ ሲያይ ከረመና፣ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ የሚገጣጥሙት ማሽን አለ አለኝ። መርፌ የመሰለ ስለት እያሽከረከረች መዳቡን ፍቃ የምታነሳ። እንሥራት ተባባልን። ዘንጎቹ ከተጣለ ፕሪንተር ወጡ፣ ሞተሮቹ ከሞተ ፎቶ ኮፒ። ከቆራሌዎቹ ጋር ተጨቃጭቄ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ተረፈ ነፍሱን ይማረውና መጨቃጨቅ አይሆንለትም ነበር፣ የጠሩትን ከፍሎ ይመጣል። መቆሚያዋን መጀመሪያ ከእንጨት ሠራት። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እያበጠ ማሽኗ ተንጋደደች። ብረት ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። በያጁ ዘንድ ሄጄ ከጥግ እስከ ጥግ በሲባጎ ለክቼ፣ ሁለቱ ካልተካከሉ አልወስድም ብዬ ሁለት ጊዜ አስፈትቼዋለሁ። በያጁ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሲባጎሽን ይዘሻል ወይ ይለኛል።

ማሽኗ ቆመች፣ ግን አልሠራችም። ማለቴ ትንቀሳቀሳለች፣ ቦርድ ግን አይወጣም። ወር ሙሉ ተረፈ ሲያበላሽ ከረመ። መርፌዋ ጠልቃ ትገባና ከመዳቡ ሥር ያለው ሰሌዳ ይቆጣል፣ ነጭ ብናኝ ይነሳል፣ መንገዱም ይቀደዳል። ከፍ ሲያደርጋት ደግሞ መዳቡ ሳይነሳ ይቀርና ሁለት መንገድ ይነካካል። አንድ ቀን ምሳውን ይዤ ገብቼ ቆሜ አየሁት። ይህ ነጭ ነገር ምንድነው ስለው፣ የመስታወት ቃጫ ነው፣ ሰሌዳው ከቃጫ ነው የሚሠራው አለኝ።

ቃጫ ከሆነማ አውቀዋለሁ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ እንሰት ፍቄያለሁ። እንሰት ስትፍቂ ክብደትሽን ከጣልሽበት ቃጫው ተበጥሶ ከቆጮው ጋር ይመጣል፤ ከፈራሽው ደግሞ ግማሹ ቃጫው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ልኩን እጅ ነው የሚያውቀው፣ ጆሮም ያውቃል። ተነስ አልኩት። ምሳውን ሰጥቼው ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ከደብተር የቀደድኩትን ወረቀት ከመርፌዋ ሥር አስገብቼ ወዲያ ወዲህ እጎትታለሁ፣ መርፌዋን በጥቂት በጥቂቱ አወርዳለሁ። ወረቀቱ ያዝ ሲያደርገኝ እዚያ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚያ የፀጉር ያህል ብቻ እጨምራለሁ። ስትፍቅ ድምፅዋ ዝግ ያለ ከሆነ ልክ ናት፣ ካፏጨች ጠልቃለች። ብናኙ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፣ ነጭ ካየሁ ቃጫው ተነክቷልና ወዲያው አቆማለሁ። በዚያን ቀን ሁለት አበላሽቼ ሦስተኛው ወጣ። ተረፈ ቦርዱን ወደ መስኮቱ አንስቶ ሲያየው ቆየና ምሳውን ሳይጨርስ ለከድሮ ደወለ።

ላፕቶፑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ አማርኛውንም የማነበው ጣቴን አስቀድሜ ነው። ግን የትኛው ምልክት ምን እንደሚያደርግ በቀለሙና በቦታው ለይቼ ደብተሬ ላይ ሥዬዋለሁ። የቦርዱን ንድፍ ድሮ ተረፈ ያወጣ ነበር፤ አሁን ልጄ ኤልሳቤጥ ከምትማርበት ከሐዋሳ በቴሌግራም ትልክልኛለች። እሷ ትነድፋለች፣ እኔ እፍቃለሁ። ተረፈ ከሞተ ወዲህ ከድሮ የወሰደው ቦርድ ሁሉ ከእኔ እጅ የወጣ ነው። ያን ሰሞንም አሥራ ሁለት ቦርድ ነበረብኝ። ሰውዬው ሳጥኖቹን ጨርሶ መስቀል እስኪያልፍ እየጠበቀኝ ነበር።

እንግዲህ ይህቺን ነው ሽንኩርት ሥር ያገኘኋት።

ፍቅሩ ከወንዶቹ ጋር ጥላ ላይ ተቀምጧል። ፊቴን አይቶ ገና ሳልደርስ ተነሳ። ልነግርሽ ነበር እትዬ፣ በዓሉ ይለፍ ብዬ ነው አለ። ሱቁ ጀርባ ክፍል አለኝ፣ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ፣ አዲስ አበባ ደንበኛው ብዙ ነው፣ አንቺ አሁን ዕረፊ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን አደከመሽ አለ። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው። እሱ አርባ አራት ነው። ማን ዕረፍት ጠየቀህ አልኩት። ቤት ከፍቶ ዕቃ መውሰድ በአዲስ አበባ ምን ይባላል አልኩት። ወንዶቹ ኧረ በዓል ነው፣ ኧረ ቀስ ማለት ጀመሩ። ፍቅሩ ሰው ሲሰበሰብለት ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ወንድሜ የሠራው ዕቃ ነው እትዬ። አንቺማ ቁልፍ ነው የምትጫኚው።"

ቀሚሴን ሰብስቤ ፒካፑ ላይ ወጣሁና ከማሽኔ አጠገብ ተቀመጥኩ። መኪናውን ማንቀሳቀስ ከፈለገ እኔን ጭኖ ይሂድ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ እዚያ ነበርኩ። ሴቶቹ ቅቤና ጎመን ይዘው ወዲያ ወዲህ ሲሉ አንዷ፣ ምሥራቅ የምትባለው፣ ሽንኩርት ላይ ተሾምሽ እንዴ አለችኝ። ሌላዋ፣ አዲስ አበባ ከደረስሽ ለልጄ ሰላም በይልኝ አለች። ይሳቁ። ሊያወርዱኝ ሦስት ሰው መጣ፣ አልወረድኩም። ሥራውም በእኔ ጉድለት ወደ ኋላ ቀረ፣ ያንንም አውቃለሁ፣ ግድ አልሰጠኝም። በመጨረሻ አቶ ብርጋ መጡ። የሠፈሩ ሽማግሌዎች አለቃ ናቸው። ነገ ጠዋት እንቀመጣለን አሉ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከፍቅሩ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ያኔ ወረድኩ።

በእኛ ሸንጎ ሴት አትናገርም። ወንድ ይናገርላታል። ወንድሜን በቀለን ከአገና አስጠራሁት፣ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰ። እየሄድን የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ቤቴ እንደተከፈተ፣ አሥራ ሁለቱ ቦርድ እንዳለብኝ። እሺ፣ እሺ፣ ተይው ለእኔ አለ።

ሽማግሌዎቹ ጀፎሮው ላይ፣ በቤቶቹ መካከል በሚያልፈው ሰፊ የሣር መንገድ፣ ዝግባው ሥር ተቀመጡ። ፍቅሩ በግራ ቆመ፣ በቀለ በቀኝ፣ እኔ ከበቀለ ጀርባ ሣር ላይ ተቀመጥኩ። ፒካፑ ከእነማሽኔ አጥሩ ጋር ቆሟል። ፍቅሩ በደንብ ተናገረ፤ ነጋዴ ነው። ወንድሜ በእጁ የሠራው፣ የአባታችን ልጅ ሥራ፣ ስሙ አዲስ አበባ እንዲጠራ እያለ። ሁለት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ በቀለ ተነሳ።

"አባቶቼ፣ እህቴ ሴት ናት" አለ። "ማሽን አታውቅም፣ አያስፈልጋትምም። ግን የባሏ ማስታወሻ ነው። ስታየው ይጽናናት። ልጅቷ ተመርቃ እስክትመጣ እንዲሁ ትጠብቀው፣ እዘኑላት።"

ምላሴን ነከስኩ። ጋቢውን ከኋላ ሳብኩት፣ ዞር አላለም። ያን ሁሉ መንገድ የነገርኩት የት ገባ? ፍቅሩም ጊዜ አልሰጠውም። ለማስታወሻ ከሆነማ የወንድሜ ትልቁ ፎቶ አለ፣ አዲስ አበባ አሳጥቤ በፍሬም እልክላታለሁ አለ። የቆመው ሰው ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። በቀለ ራሱ ፈገግ አለ።

ፈረዱ። የወንድ ሥራ ለወንድም ይሂድ፣ ፍቅሩ ደግሞ ለእህታችን አንዲት ጊደር ያምጣላት ተባለ። እኔ ከተማ ነው የምኖረው፣ ጊደሯን ላፕቶፑ ላይ ላስራት?

አቶ ብርጋ መመረቅ ጀመሩ። ቤታችሁ ይሙላ፣ ከብታችሁ ይርባ፣ የታረቀ አይጣላ አሉ። አሜን አሉ ሁሉም። ፍቅሩ ከሁሉ በላይ ጮኾ አሜን አለ። በቀለም አለ። አቶ ብርጋ ወደ እኔ ተመለከቱና ጠበቁ። በእኛ ደንብ የተፈረደበትም የተፈረደለትም አሜን ካላለ ፍርዱ አልታሰረም፣ ሽማግሌውም አይነሳም። ሁሉም እንደሚለው እኔም እላለሁ ብለው ነው የጠበቁኝ።

ዝም አልኩ።

አልሰማች ይሆናል ብለው እንደገና መረቁ። ዝም አልኩ። በቀለ ዞሮ በይ እንጂ አለኝ በዓይኑ። ሣሩን እያየሁ ዝም አልኩ። ጠዋቱን ሙሉ አትናገሪ ያሉኝ ሰዎች አሁን አንዲት ቃል ተናገሪ ይሉኛል። እንዴት ነው ነገሩ?

ፀሐይዋ ዝግባውን አልፋ መጣች። ክትፎው ደርሷል፣ ልጅ እየላኩ ጨርሳችኋል ወይ ይሉ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ልጄ፣ በዓል ነው፣ እልህ ለቤትሽ አይበጅም አለኝ። ሌላው ቆጣ ብሎ ይህቺ ሴት ምን ሆና ነው አለ። ፍቅሩ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ በኋላ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ተነስተን እንብላና እንመለስ ያለም ነበር፤ አቶ ብርጋ በዓይናቸው አስቀመጡት። ምራቃቸውን ዋጥ ሲያደርጉ ይታየኛል። እኔም ርቦኛል። ግን እኔ ትናንት ሽንኩርት ላይ ተቀምጬ ውዬ የለመድኩ ነኝ።

ቀትር ሲሆን አቶ ብርጋ በትራቸውን መሬት ላይ ጣል አደረጉ።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አሉኝ።

በቀለ አፉን ከፈተ። እህቴ የምትለው ሊል ነው።

"አንተን አልጠየቅሁም" አሉት።

ተነሳሁ። አባባ አልኳቸው፣ ባለቤትዎ እንሰት ስትፍቅ በአጠገቧ አልፈው ያውቃሉ?

ወንዶቹ ወደ መሬት አዩ። ነውር ነው፣ እንሰት በሚፋቅበት ወንድ ዝር አይልም። አላውቅም አሉ አቶ ብርጋ።

"የምትፍቅበትን ዕቃ ማን ጠረበላት?"

"እኔ ጠረብኩላት።"

"አያድርገውና አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ወንድምዎ መጥተው ብርጋ የጠረበው ነው ብለው መፋቂያዋን ከእጇ ይወስዳሉ?"

ቀጠልኩ። ይህም የሚፍቅ ዕቃ ነው አልኩ። መዳብ ይፍቃል፣ ከመዳቡ ሥር ቃጫ አለ፣ ቃጫው ከተነካ ሥራው ይበላሻል። ተረፈ ነፍሱን ይማረውና ወር ሙሉ ቃጫ ሲያነሳ ነበር። ያቀናሁት እኔ ነኝ። ብረቱን የለካሁት፣ ሞተሩን ያመጣሁት፣ ሁለት ዓመት ብቻዬን የፋቅሁባት እኔ ነኝ። ማስታወሻ አይደለችም፣ ፎቶም አይደለችም። ወንድሜ የተናገረው የእኔ ቃል አይደለም። ብዙ ነገር ተናገርኩ፣ ከቁልፉ ጀምሮ እስከ ብርድ ልብሱ። ቁጣው አንዴ ከወጣ አይቆምም።

አቶ ብርጋ እስክጨርስ ጠበቁና ወደ ፍቅሩ ዞሩ።

"አንተ ስትፍቅ ቃጫው እንዳይነሳ ምን ታደርጋለህ?"

"ኮምፒዩተሩ ነው የሚያደርገው አባባ።"

"ኮምፒዩተሩ ቃጫ ያውቃል?"

ፍቅሩ የቀጠርኩት ሠራተኛ አለ፣ እሱ ዲፕሎማ አለው ማለት ጀመረ። ሠራተኛው የማን አገር ሰው ነው አሉት። ፍቅሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው አለ። እንሰት አይቷል ወይ አሉት። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው ሳቁ ወደ እሱ የዞረው። የራበው ሰው ሲስቅ ደግሞ ቶሎ አያቆምም።

ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ፣ ብዙም አልቆዩም። የሚፍቅ ዕቃ የሴት ነው አሉ አቶ ብርጋ። ባል ቢጠርበውም የሚስት ነው። ፍቅሩ እጁን ያንሳ። እንደ ደንቡም ወንድ አይንካው፣ ስትፍቅም ወንድ አጠገቧ አይቁም። ከዚያ መረቁ። ሰዉ አሜን አለ። ፍቅሩ ቆይቶ፣ በአፍንጫው አሜን አለ።

ወደ እኔ አዩ።

"መጀመሪያ ከመኪናው ትውረድ" አልኳቸው።

አቶ ብርጋ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለበቀለ ሰጡት። በቀለና ሌላ ሰው ማሽኔን ተሸክመው አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡ። ወንድ አይንካው ከተባለ ገና አፍታ አልሆነም፤ ማንም ልብ አላለም። ብርድ ልብሱን ገፈፍኩና ዘንጎቹን በእጄ ዳሰስኩ። አንዱ ብሎን ላልቷል፣ የሞተሯ ሽቦ ተጎትቷል። ከመቀነቴ ሲባጎ ፈትቼ ከጥግ እስከ ጥግ ለካሁ። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። የጣት ውፍረት ያህል ተንጋድዳለች። ያን ጊዜ እንደገና ደሜ ፈላ፣ ግን ሰዎቹ አርጅተዋል፣ ርቧቸዋል፣ አሜን አልኩና ለቀቅኋቸው።

ደስ ያለኝ ይመስላችኋል። አላለኝም። እሷ ሠራችው ይሉኛል ብዬ ነበር፣ የሴት ዕቃ ነው አሉ። ሁለቱ አንድ አይደለም። ማሽኗ ግን በእጄ ናት።

ክትፎውን አልቀመስኩም። አማቴ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ይዤ ወጣሁ። በቀለ ማሽኗን ትከሻው ላይ አድርጎ አስፋልቱ ድረስ ተሸከመ። የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ትውጣ አለ፣ እኔ ጭኔ ላይ ነው የምትሄደው አልኩ፣ የሁለት ሰው ቦታ ይዘሽ አለ፣ ሁለት ሰው ነኝ አልኩት። በቀለ ልሸኝሽ ብሎ አብሮኝ ገባ።

ግማሽ መንገድ እስክንደርስ አላናገርኩትም። እሱ ነው የጀመረው። እንዲያዝኑልሽ ብዬ ነው፣ ሽማግሌ በሐዘኔታ ነው የሚያዘው አለ። ማን ሐዘኔታ ጠየቀህ አልኩት። ማሽን አታውቅም ስትል ትንሽ አላፈርክም፣ ጠዋት ሁሉን ነግሬህ አልኩት። ቀስ ብሎ፣ ማንም እንዳይሰማው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ጠየቀኝ።

"ግን እውነት አንቺ ነሽ የምትሠሪው?"

እንግዲህ ይህን ምን ትሉታላችሁ? ሰውዬው አልዋሸም። ለማስራራት ብሎም አይደለም። የእናቴ ልጅ ሸንጎ ፊት የተናገረውን አምኖበት ነው የተናገረው። ስንት ጊዜ ቤቴ መጥቶ፣ ስንት ጊዜ ብናኙ እጄ ላይ ሆኖ ሰላም ብዬው! ቡታጅራ ድረስ ቦርድ ይዤ ስሄድ ሲያገኘኝ ለተረፈ የምላላክ መስሎት ኖሯል። ተረፈ ከሞተ በኋላስ ማን እየሠራ መሰለው?

ወልቂጤ ስንደርስ ልሂድ፣ የአገና መኪና እንዳያመልጠኝ አለ። አትሄድም አልኩት። ማሽኗን አሸክሜ ቤት አስገባሁት። ከድጄ በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ አየችኝና ገባች። በቀለ ደጃፉ ላይ ተገትሮ፣ ሽማግሌዎቹ ስትፍቅ ወንድ አይቁም ብለዋል እኮ አለኝ። ለራሱ ሲበጀው ደንብ ያውቃል።

"እነሱ አትቁም ብለዋል። እኔ ደግሞ ቁም ብዬሃለሁ" አልኩት።

ካቻቢቴዬን አምጥቼ ማሽኗን ፈታኋት። እግሮቿን አላልቼ፣ በሲባጎ እየለካሁ፣ እየገፋሁ አስተካከልኳት። የተጎተተውን ሽቦ ስታኞ አቅልጬ አጣበቅሁ። በቀለ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ልቀመጥ አለ፣ ተቀመጥ አልኩት፣ ግን እያየህ። ላፕቶፑን ከፍቼ ኤልሳቤጥ የላከችውን የከድሮን ንድፍ አወጣሁ፣ ወረቀቴን ከመርፌዋ ሥር አስገባሁ። የመጀመሪያው ቦርድ ነጭ አነሳ፣ ጣልኩት። ሁለተኛው በአንድ ጥጉ ሳይፋቅ ቀረ፣ ጣልኩት። አንድ ብሎን ሩብ ዙር አዞርኩ። በቀለ ይህ ሁሉ በፍቅሩ ጥፋት ነው አለ። ዝም ብለህ እይ አልኩት።

ሦስተኛው ድምፅዋ ልክ ሆኖ ሄደ። ቀዩ ብናኝ እየወጣ፣ መንገዶቹ አንድ በአንድ እየተለዩ፣ ከዳር እስከ ዳር። ሲያልቅ ብናኙን በብሩሽ ጠርጌ ቦርዱን በእጁ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። ጣቱን በመንገዶቹ ላይ ሄድ መለስ አደረገ።

"ገባህ?" አልኩት።

"ገባኝ" አለ። "ኮምፒዩተሩ ይገፋዋል፣ አንቺ ትጠብቂዋለሽ።"

ቦርዱን ከእጁ ነጠቅሁት። አዲስ ሰሌዳ ከመደርደሪያው አወረድኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ወረቀቱን አንስቼ ሰጠሁት።

"ተነስ" አልኩት። "አራተኛውን አንተ ትፍቃለህ፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። የአገና መኪና ነገም አለ።"